የተዋናይ ፊት፦ ከመታሰቢያነት ወደ ማመልከቻነት

መግቢያ

በሥነ ጽሑፍ ትምህርት ዘወትር ከአፋችን የማይለይ አንድ ቃል አለ፤ «ገጸ ባሕርይ» የሚለው። ቃሉ በልብ ወለድም ሆነ በተውኔት ውስጥ የሚኖረውን፣ የሚናገረውንና የሚያደርገውን ምናባዊ ሰው እንደሚያመለክት እናውቃለን። ይሁን እንጂ ከሁለት የግእዝ ቃላት የተጣመረ መሆኑን፣ ከሁለቱም አስቀድሞ የቆመው «ገጽ» መሆኑን ብዙ ጊዜ ልብ አንለውም። ገጽ ፊት ነው፤ የመጽሐፍ ቅጠል አንዱ ጎንም ገጽ ይባላል። ባሕርይ ደግሞ በውስጥ ያለው፣ በዓይን የማይታየው ተፈጥሮ ነው። ስለዚህ ቃሉ እንዲያው ሲፈታ፣ የሚታየው ፊት የማይታየውን ጠባይ ይዞ ይቀርባል፤ እንደ መጽሐፍ ገጽም ሊነበብ ይችላል የሚል እምነት የተሸከመ ይመስላል።

ይህ እምነት በልብ ወለድ ዓለም ብዙም ችግር አይፈጥርም። የገጸ ባሕርዩ ፊት የደራሲው ፍጥረት ነው፤ ደራሲው ሲፈልግ በመጀመሪያው ምዕራፍ ይሥለዋል፣ ሲፈልግ እስከ መጨረሻው ይሸሽገዋል። በመድረክና በፊልም ግን ገጸ ባሕርዩ ፊት የሚዋሰው በሕይወት ካለ፣ እንጀራ ከሚፈልግና የቤት ኪራይ ከሚከፍል ሰው ነው። ያ ሰው ሚናውን ከማግኘቱ በፊት፣ አንድ ቃል እንኳ ከመናገሩ በፊት፣ ፊቱን ለሌሎች አቅርቦ ማስነበብ ይኖርበታል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ተዋናዮች ለሚና ለመመረጥ የሚያቀርቡትን፣ በሙያው አጠራር «ሄድሾት» የሚባለውን የፊት ፎቶግራፍ ታሪክ መመርመር ነው። ጥናቴን በአብዛኛው በኒው ዮርክና በሆሊውድ የወሰንኩት ልማዱ ጎልቶ የወጣውና ተቋማዊ መልክ የያዘው በእነዚህ ቦታዎች በመሆኑ ነው። የማቀርበው መከራከሪያም የሚከተለው ነው። የተዋናይ ፎቶግራፍ ሲጀመር ለተመልካች የሚሸጥ የሚና መታሰቢያ ነበር፤ ኋላ ግን ለአሠሪ የሚቀርብ የሥራ ማመልከቻ ሆነ። ከዚህ ለውጥ ጋር ፊትን የማንበብ ሥልጣን ከብዙኃኑ ተመልካች ወደ ጥቂት መራጮች ተዛወረ። የትኛው ፊት የትኛውን ባሕርይ ሊሸከም እንደሚችል የሚወስኑትም እነርሱ ሆኑ።

የሚሸጥ መታሰቢያ

እ.ኤ.አ. በ1854 አንድሬ ዲስዴሪ የተባለ ፈረንሳዊ ፎቶግራፍ አንሺ በፓሪስ አንድ የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ዘዴው በአንድ የመስተዋት ሳህን ላይ በርካታ ትናንሽ ምስሎችን ማንሳት ሲሆን፣ ይህም የእያንዳንዱን ፎቶግራፍ ዋጋ እጅግ ዝቅ አደረገው። «ካርት ደ ቪዚት» የተባለው ይህ ፎቶግራፍ በስፋት 6፣ በቁመት 9 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነበር። ከዚያ በፊት ሰው በቤቱ የሚያኖረው የዘመዶቹን ምስል ነበር። አሁን ግን በዓይኑ አይቷቸው የማያውቃቸውን ነገሥታት፣ የጦር አለቆችና የመድረክ ሰዎች ምስል እየገዛ በአልበም ውስጥ ከእናትና ከአባቱ ጎን ያኖር ጀመር። በ1860ዎቹ መጨረሻ ገደማ ደግሞ ከዚህ የሚተልቀው «ካቢኔ ካርድ» ወጣና የቴአትር ሰዎች ዋነኛ የምስል ዓይነት ሆነ።

በዚህ ንግድ ስሙ ከሁሉ ጎልቶ የሚነሳው ናፖሌዎን ሳሮኒ ነው። ሳሮኒ እ.ኤ.አ. በ1821 በኩቤክ ተወለደ፤ በሊቶግራፍ ኅትመት ሙያ ሲሠራ ከቆየ በኋላ ወደ ፎቶግራፍ ተዛወረ። በ1871 በኒው ዮርክ ዩኒየን ስኩዌር በከፈተው የፎቶ ቤት፣ በ1896 እስኪሞት ድረስ በከተማው ያለፈውን ታዋቂ ተዋናይ ሁሉ አንስቷል ቢባል ማጋነን አይሆንም። አንባቢ እዚህ ላይ ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ገንዘብ የሚከፍለው ተዋናዩ አልነበረም፤ ከፋዩ ፎቶግራፍ አንሺው ነበር። ሳሮኒ ለታዋቂዎቹ ገንዘብ እየሰጠ ምስላቸውን ብቻውን አባዝቶ የመሸጥ መብት ይገዛ ነበር። በስፋት እንደሚነገረው ለፈረንሳዊቷ ተዋናይት ለሳራ በርናር 1,500 ዶላር ከፍሏል።

በእነዚህ ካርዶች ላይ የሚታየው ምንድን ነው? ተዋናዩ የሚናውን ልብስ ለብሶ፣ በሥዕል ከተዘጋጀ መጋረጃ ፊት፣ ተመልካች ከመድረክ በሚያስታውሰው አቋቋም ቆሞ ይታያል። ገዢው ቴአትሩን ያየ ወይም ሊያይ የተመኘ ሰው ነው። ሚናው አስቀድሞ ተገኝቷል፣ ዝናው አስቀድሞ ተሰምቷል፤ ፎቶግራፉ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ለእኛ አንባብያን ነገሩን ግልጽ ለማድረግ የመልክእን ድርሰት ማስታወስ ይጠቅማል። የመልክእ ደራሲ የቅዱሱን አካል ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር እየዘረዘረ፣ ለእያንዳንዱ ሰላምታ እያቀረበ ያመሰግናል። ይህን የሚያደርገው ቅዱሱን ለማያውቅ ሰው ለማስተዋወቅ አይደለም፤ ቅድስናው ቀድሞ የታወቀ ስለሆነ ነው አካሉ የሚወደሰው። አንዱ ጸሎት ሌላው ንግድ ቢሆንም፣ በቅደም ተከተሉ የሳሮኒ ካርድ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። በሁለቱም ዘንድ ክብር ይቀድማል፣ መልክ ይከተላል። ኋላ የተገለበጠው ይህ ቅደም ተከተል ነው።

የፊቱ ደራሲ ማን ነው?

እ.ኤ.አ. በጥር 1882 ኦስካር ዋይልድ ንግግር ለማድረግ አሜሪካ ሲገባ ሳሮኒ በተለያየ አቋቋም ደጋግሞ አነሳው። ከምስሎቹ አንዱን ቡሮ ጃይልስ የተባለ የሊቶግራፍ ድርጅት ያለፈቃድ አባዝቶ ለገበያ አቀረበ፤ በክርክሩ የተጠቀሰው ቅጂ ብዛት 85,000 ነበር። ሳሮኒ ከሰሰ። ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በመጋቢት 17 ቀን 1884 (እ.ኤ.አ.) ውሳኔ አገኘ።

የተከሳሹ መከራከሪያ ለሥነ ጽሑፍ ሰው እጅግ የሚስብ ነው። ሕገ መንግሥቱ ጥበቃ የሚሰጠው ለ«ደራስያን» እና ለ«ጽሑፎቻቸው» ነው፤ ፎቶግራፍ ግን መሣሪያ በፊቱ ያለውን የሚገለብጠው ቅጂ እንጂ የማንም ድርሰት አይደለም የሚል ነበር። ዳኛ ሳሙኤል ሚለር የጻፉት ውሳኔ ይህን አልተቀበለም። ሳሮኒ ዋይልድን በካሜራው ፊት አስቀምጦታል፣ ልብሱንና መጋረጃውን መርጧል፣ ብርሃንና ጥላውን አደላድሏል፣ የሚፈልገውንም የፊት ስሜት ጠቁሞ እንዲወጣ አድርጓል፤ ስለዚህ ምስሉ የአእምሮው ፍሬ ነው፣ እርሱም ደራሲው ነው ተባለ።

ውሳኔው ለፎቶግራፍ ጥበብ ትልቅ ድል መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን ሌላም ነገር በውስጡ አለ። በፊቱ ላይ የታየው ስሜት በሕግ ዓይን የተቆጠረው ስሜቱን ላሳየው ሰው ሳይሆን ስሜቱን ላስወጣው ሰው ነው። ዋይልድ በክርክሩ ውስጥ ወገን አልነበረም። ለተዋናይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የተዋናይ ጥበብ በፊት ላይ ስሜትን ማሳየት ነውና። የፊት ባለቤትና የምስሉ ባለቤት ሁለት የተለያዩ ሰዎች መሆናቸው ከዚህ ጊዜ ጀምሮ በሕግ ተጽፏል።

ምስል አማላጅ ሲሆን

በ1920ዎቹ የሆሊውድ ትላልቅ ፊልም ሠሪዎች የየራሳቸውን የፎቶ ቤት አቋቋሙ። በሜትሮ ጎልድዊን ሜየር ከ1925 ጀምሮ ሩት ሃሪየት ሉዊዝ የተባለች ወጣት ሴት፣ ከ1930 ጀምሮ ደግሞ ጆርጅ ሃሬል የተዋናዮቹን ምስል ያነሱ ነበር። ኔጌቲቩ 8 በ10 ኢንች፣ ማለትም 20 በ25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነበር። በዚህ ትልቅነቱ የተነሣ የእርሳስ ጫፍ በቀጥታ በኔጌቲቩ ላይ እያስኬዱ የፊት ሽብሽባትንና ነጠብጣብን ማጥፋት ይቻል ነበር። ምስሉ ለጋዜጦችና ለአድናቂዎች ይላካል፤ ወጪውን የሚሸፍነው ድርጅቱ፣ ባለቤቱም ድርጅቱ ነው። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ከሳሮኒ ዘመን ብዙ አልራቀም።

ይሁን እንጂ በ1929 የተፈጸመ አንድ ታሪክ ለውጡን በግልጽ ያሳያል። ተዋናይት ኖርማ ሺረር «ዘ ዲቮርሲ» (ፈቷ) በሚለው ፊልም ዋናውን ሚና ለመጫወት ትመኝ ነበር። ባሏ ኧርቪንግ ታልበርግ በድርጅቱ ውስጥ ታላቅ ሥልጣን የነበረው አዘጋጅ ሲሆን፣ እርሷ ለእንዲህ ያለ ደፋርና አማላይ ሴት ሚና አትሆንም የሚል አስተያየት ነበረው። ሺረር በቃል ከመሟገት ይልቅ፣ በዚያን ጊዜ በግሉ ይሠራ ወደነበረው ወደ ሃሬል ሄደች። በለቀቀ ልብስ፣ ጠጉሯን በትና፣ ሰው ለምዶት በማያውቀው አኳኋን ተነሳች። ታልበርግ ምስሎቹን ሲያይ ሐሳቡን ለወጠ። ሚናው ተሰጣት፤ በ1930ም የምርጥ ተዋናይት የአካዳሚ ሽልማት አገኘችበት።

እዚህ ላይ ፎቶግራፉ ሚናን አያስታውስም፤ ገና ያልተገኘ ሚናን ይለምናል። አድራሻው ተመልካች አይደለም፤ አንድ ወሳኝ ሰው ነው። በዚያው ቤት የምትኖር ሚስት እንኳ ባሏን ለማሳመን በምስል መማለድ ካስፈለጋት፣ የወሳኙን ስም እንኳ የማያውቀው ጀማሪ ተዋናይ ምን ያድርግ? የሚቀጥለው የታሪኩ ክፍል ይህን ጥያቄ የሚመልስ ነው።

መዝገቡና ክፍሎቹ

መልሱ የመጣው በመዝገብ መልክ ነው። በለንደን እ.ኤ.አ. በ1927 «ስፖትላይት» የተባለ የተዋናዮች የፎቶግራፍ መዝገብ መታተም ጀመረ። በሆሊውድ ደግሞ የፊልም ጥበብና ሳይንስ አካዳሚ በ1937 የተዋናዮች መዝገብ ማውጣት ጀመረ። ተዋናይ መራጩ በጠረጴዛው ላይ መዝገቡን ዘርግቶ ገጽ በገጽ ይመለከታል። «ገጽ» የሚለው ቃላችን ሁለቱ ትርጉሞች እዚህ በእውን ተገናኙ፤ ፊት የመጽሐፍ ገጽ ሆነ።

መዝገብ ያለ ክፍል አይሆንም። በሆሊውዱ መዝገብ ተዋናዮቹ በዋና ሚና ተዋናይነት፣ በልጃገረድ ሚና፣ በልዩ ጠባይና በአስቂኝ ሚና፣ በሕፃናት ሚና እየተለዩ ቀረቡ። በመጀመሪያዎቹ እትሞች ጥቁር ተዋናዮችና የእስያ ተወላጅ ተዋናዮች ደግሞ ለብቻቸው በተለየ ክፍል ይቀመጡ ነበር። ነጩ ተዋናይ በሚችለው ሚና ሲመደብ፣ ጥቁሩ ተዋናይ የተመደበው በቆዳው ነው። ሃቲ ማክዳንኤል በ1939 በወጣው «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ባሳየችው ትወና በ1940 የአካዳሚ ሽልማት በማግኘት የመጀመሪያዋ ጥቁር ሆነች። የተሸለመችው በቤት ሠራተኛ ሚና ነበር፤ ከዚያ በኋላም በብዛት የቀረበላት ይኸው ሚና ነው። ሽልማቱ ከክፍሏ አላስወጣትም።

ስፖትላይት በተመሠረተበት በዚያው በ1927 ኢ. ኤም. ፎርስተር ስለ ልብ ወለድ ያደረጋቸው ንግግሮች በመጽሐፍ ታተሙ። «ዝርግ» እና «ክብ» ገጸ ባሕርያት የሚለው፣ ዛሬም ለጀማሪ ተማሪዎች የምናስተምረው አከፋፈል የመጣው ከዚያ ነው። ዝርጉ በአንድ ጠባይ ብቻ የሚታወቅ፣ ሲመጣ ወዲያው የምንለየው ነው፤ ክቡ ግን ሊያስደንቀን የሚችል ነው። የሁለቱ በአንድ ዓመት መገጣጠም የአጋጣሚ ነገር እንጂ የምክንያትና የውጤት ጉዳይ አይደለም። ቢሆንም ሐያስያን ዝርግነትን የድርሰት ጉድለት አድርገው መመርመር በጀመሩበት ዘመን፣ የሙያው ገበያ ሕያዋን ሰዎችን ዘርግቶ በመዝገብ ያትም እንደነበር ማስተዋል ይገባል።

በ1940ዎቹ ሁለት የፍርድ ውሳኔዎች የሆሊውድን አሠራር አናጉት። በ1944 ተዋናይት ኦሊቪያ ደ ሃቪላንድ ባሸነፈችው ክርክር፣ ድርጅቶች የተዋናዮችን ውል ከሰባት ዓመት በላይ ማራዘም እንዳይችሉ ተወሰነ። በ1948 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፊልም ሠሪዎቹ የሲኒማ ቤቶችን ገበያ ጠቅልለው እንዳይይዙ በየነባቸው። በ1950ዎቹ የረጅም ጊዜ ውል እየቀረ ሲሄድ ተዋናዩ ነጻ ወጣ፤ ከነጻነቱ ጋርም ወጪው ወደ እርሱ ተላለፈ። ቀድሞ ፎቶግራፍ አንሺው ለተዋናዩ ይከፍል ነበር፤ ቀጥሎ ድርጅቱ ከፈለ፤ አሁን ተዋናዩ ሥራ ሳያገኝ ሥራ ለመፈለጊያ ከኪሱ ይከፍላል። የትልቁ ዘመን ቅርስ ሆኖ የቀረለት የወረቀቱ መጠን ነው፤ 8 በ10 ኢንች።

የሁለት አሕጽሮቶች መገናኛ

የማመልከቻው ፎቶግራፍ ቀስ በቀስ የራሱን ሥርዓት አበጀ። የሚና ልብስ፣ ባርኔጣና የእጅ ዕቃ አይፈቀድም። ልብሱ ቀላል፣ ጀርባው ያልተዝረከረከ መሆን አለበት። ዓይን ወደ ሌንሱ ይመለከታል፣ በብሌኑ ውስጥም የብርሃን ነጥብ መታየት ይኖርበታል። በጀርባው ተዋናዩ የሠራቸው ሚናዎች፣ የተማረበት ቦታ፣ ቁመቱና የዓይኑ ቀለም የተዘረዘሩበት ወረቀት ይያያዛል። በመቶ የሚቆጠሩ ቅጂዎችን በጥቁርና ነጭ ማባዛት ርካሽ በመሆኑ ለብዙ አሥርት ዓመታት ምስሉ ቀለም አልነበረውም፤ ባለ ቀለሙ የሰፈነው በ2000ዎቹ መጀመሪያ ገደማ ከዲጂታል ፎቶግራፍ ጋር ነው። ከሁሉ የጠበቀው ሕግ ግን ምስሉ ሰውየውን ይምሰል የሚለው ነው። መራጮች አብዝተው የሚማረሩት በበር የገባው ሰው በፎቶግራፉ ያዩት ሳይሆን ሲቀር ነው።

ይህ ሕግ በውስጡ ተቃርኖ አለበት። ተዋናዩ ራሱን እንዲመስል ታዝዟል፤ የሚፈለገው ግን ሌላ ሰው ለመሆን ነው። ምስሉ ማንንም ሊሆን የሚችል ሰው ማሳየት አለበት፤ ሆኖም መራጩ «ይህ ፖሊስ ይሆናል፣ ይህቺ መምህርት ትሆናለች» ብሎ ወዲያው እንዲለይ የሚያስችል ፍንጭ ከሌለበት ይታለፋል።

የዚህን ተቃርኖ ሌላኛ ግማሽ የምናገኘው በጽሑፉ ወገን ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 በሎስ አንጀለስ ጋሪ ማርሽ የተባለ ሰው «ብሬክዳውን ሰርቪስስ» የሚባል ድርጅት አቋቋመ። ሥራው የፊልምና የቴሌቪዥን ድርሰቶችን አንብቦ፣ የእያንዳንዱን ሚና ጠባይ በጥቂት መስመሮች አሳጥሮ ለተዋናይ ወኪሎች ማሠራጨት ነበር። ወኪሉ አጭሩን መግለጫ ያነባል፤ ከፎቶግራፎቹ መካከል ይስማማል ያለውን መርጦ ይልካል። ምሉዕ የሆነው ገጸ ባሕርይ ወደ ሦስት መስመር፣ ምሉዕ የሆነው ሰው ወደ አንድ ፎቶግራፍ ያጥራል። ከዚያም ሁለቱ አሕጽሮቶች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይገናኛሉ። ለሰው የተሰጠው ሚና የሚወሰነው ድርሰቱን ሙሉ በሙሉ ሳያነቡ፣ ተዋናዩንም ሳይሰሙ ሊሆን ይችላል።

በማስተምረው የተውኔት ንባብ ክፍል ይህን ለመፈተሽ ሞክሬ ነበር። «አርባ ዓመት የሞላው፣ ዝምተኛ፣ ቂመኛ ሰው» የሚል መግለጫ ሰጥቼ እያንዳንዱ ተማሪ የታየውን ፊት እንዲጽፍ አደረግሁ። ከተጻፉት መካከል ሁለት የሚመሳሰሉ ፊቶች አላገኘሁም። ቀጥዬ የአንድ የማያውቁት ሰው ፎቶግራፍ አሳይቼ ጠባዩን እንዲጽፉ ስጠይቅ ግን ጽሑፎቻቸው በእጅጉ ተቀራረቡ። ከአንድ ክፍል ልምምድ ጠቅላላ ድምዳሜ ላይ መድረስ አይገባም። ሆኖም ቃል ምናብን እንደሚከፍት፣ የታየ ፊት ግን ምናብን ወደ ተለመደው መንገድ እንደሚስብ ያመለከተኝ ሆኗል።

ለፊት ማድላት

በቋንቋችን አድልዎን የምንኮንንበት አነጋገር «ለሰው ፊት ማድላት» የሚል ነው። ዳኛ የሰው ፊት አይቶ እንዳይፈርድ ይመከራል። በሙዚቃ ይህን ምክር በተግባር ማዋል ተችሏል፤ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በርካታ የአሜሪካ ኦርኬስትራዎች አመልካቹን ከመጋረጃ ጀርባ አስቀምጠው ድምፁን ብቻ መስማት ጀምረዋል። ለተዋናይ ግን ይህ መፍትሔ አይሆንም። ፊቱ መሣሪያው ነውና ከመጋረጃ ጀርባ ሊመረጥ አይችልም። «መልክ ታጥቦ አይጠጣም» የሚለው ተረታችን ለትዳር ሊሠራ ይችላል፤ በዚህ ገበያ ግን መልክ ታጥቦ ይጠጣል፣ ኪራይም ይከፈልበታል።

ታዲያ መፍትሔው ፎቶግራፉን ማስቀረት ነውን? በ1986 በኒው ዮርክ የተመሠረተው፣ ከተለመደው የተዋናይ ምደባ መውጣትን ዓላማው ያደረገ ፕሮጀክት የሰጠው መልስ የተለየ ነበር። አዘጋጆች ጥቁር፣ የእስያ ወይም የላቲን ተወላጅ፣ አልያም አካል ጉዳተኛ ተዋናይ ለምን እንዳልመረጡ ሲጠየቁ «ፈልገን አጣን» ይሉ ነበር። ፕሮጀክቱ የእነዚህን ተዋናዮች ፎቶግራፍና የሥራ ታሪክ ሰብስቦ በፋይል አደራጀ፤ ለሚጠይቀው አዘጋጅ ሁሉም አቀረበ። ያገለለው መሣሪያ መዝገብ ነበር፤ ማግለሉን ለመመከት የተነሡትም መዝገብ ይዘው መጡ። ልዩነቱ በአነባበቡ ላይ ነው። የቀድሞው መዝገብ «ይህ ፊት ለዚህ ሚና ብቻ ነው» ሲል፣ አዲሱ «ይህን ፊት በዚያ ሚና ውስጥ ለምን አላያችሁትም?» ብሎ ጠየቀ።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተመለከትነው የተዋናይ ፎቶግራፍ ከሚና በኋላ የሚመጣ መታሰቢያ ከመሆን ተነሥቶ ከሚና በፊት የሚቀርብ ማመልከቻ ሆኗል። ከፋዩ ተለውጧል፣ አንባቢው ተለውጧል፣ የምስሉም ሥርዓት ተለውጧል። ያልተቋጨው በ1884 የተነሣው የባለቤትነት ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ እስከ ኅዳር 2023 የአሜሪካ የፊልምና የቴሌቪዥን ተዋናዮች ማኅበር ባካሄደው የሥራ ማቆም አድማ ከዋና ዋናዎቹ ነጥቦች አንዱ በኮምፒዩተር የሚባዛ የተዋናይ መልክ ነበር። አድማው ባስገኘው ስምምነት የተዋናዩ ፈቃድና ክፍያ የሚጠየቅባቸው ሁኔታዎች ተደነገጉ። በዋይልድ ጉዳይ ወገን ሆኖ ያልቀረበው ባለ ፊት፣ ከ139 ዓመት በኋላ በጠረጴዛው ዙሪያ ተቀምጦ ተከራከረ ማለት ነው።

ለሥነ ጽሑፍ ተማሪ ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት በቅርብ ያለ ነው። በተውኔት መጽሐፍ መግቢያ ላይ ከተጫዋቾቹ ስም ጎን «መልከ መልካም»፣ «ፊተ ኮስታራ»፣ «ገጸ ብሩህ» የሚሉ አጫጭር መግለጫዎችን እናነባለን፤ አንብበንም እናልፋለን። እነዚህ ቃላት ግን ወደ መድረክ ሲሄዱ የአንድ ሕያው ሰው መመረጫ ወይም መመለሻ ይሆናሉ። ስለዚህ አንድን ተውኔት ስንመረምር ገጸ ባሕርዩ እንዴት ተሣለ ብለን ከምንጠይቀው ጋር፣ ሥዕሉ ማንን ወደ መድረክ ጠራ፣ ማንንስ ከደጅ መለሰ የሚለውን አብረን ልንጠይቅ ይገባል። ገጽ ባሕርይን ይገልጥ እንደሆነ ማወቅ የሚቻለው ባለ ገጹ እንዲናገር ዕድል ሲያገኝ ብቻ ነው።